የዝናቡ አደራ

ቱቦው ባዶ ነበር።

ሚሊ ጎንበስ ብላ አየችው። አውጥታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። በመጨረሻም ገልብጣ መዳፏ ላይ አራገፈችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ጫማዋ ግን ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ካልሲዋ ረጥቦ እግሯን ያሳክካታል። የመረብ ኳሱ ሜዳ ውኃ አቁሯል፤ ከጣሪያው ጠርዝ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሒሳብ መምህሯ «እናንተ ካልሰማችሁኝ እኔ ለማን ልጩህ?» ብለው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እስኪያባራ ድረስ ቁጭ ብለው ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ የት ገባ?

«ዛሬስ ምን አለሽ?» አሉ ዘበኛው ከኋላዋ። በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ግማሽ ዳቦ ይዘዋል። ሁለቱም ለእሷ ናቸው። በየጠዋቱ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ዜሮ ነው የሚለው፣ አባባ።»

«እሰይ!» ዜሮ ጥሩ ይሁን መጥፎ አያውቁም፤ ለእሳቸው ዋናው ነገር ዕቃው መሥራቱ ነው። «ደህና ነው ማለት ነዋ። እንዴት እንደሚያብረቀርቅ አየሽልኝ? አሁን በጨርቅ ወልውዬው ነው።»

ሚሊ ሻዩን ተቀብላ ስልኳን አወጣች። ቱቦውን የተከለው የሳይንስ መምህር ያስተማራት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ «ያየሽውን ላኪ፤ የመሰለሽን አይደለም።» ያየችው ዜሮ ነው። ዜሮ ብላ ጻፈች። ጣቷ ስልኩ ላይ ትንሽ ካመነታ በኋላ ላከችው።

ሚሊ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት ቱቦ ላይ ስታፈጥ ያዩዋት ልጆች በመጀመሪያ «ሚሊሜትር» አሏት፤ ረዘመባቸው መሰለኝ፣ በሳምንቱ አሳጠሩት። እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ነበር። ስም የሚወጣለት ሰው ቢያንስ ታይቷል ማለት ነው ብላ አሰበች። ከስሙ በቀር ሌላ ምንም እንዳልሰጧት የገባት እየቆየ ነው።

የሳይንስ ክበቡ ሲቋቋም እኮ አባላቱ ብዙ ነበሩ። ወጣቱ መምህር ያንን ነጭ ቱቦ ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከዘበኛው ቤት ፊት ለፊት የተከለ ዕለት ፎቶ ያልተነሣ አልነበረም። ወዲያው መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ቁጥሩን በስልክ መልእክት መቀበሉን ባያቆምም ክበቡ ግን አንድ በአንድ ተበተነ። ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ማልዶ ተነሥቶ ባዶ ቱቦ የሚያይ ማን አለ? የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ቤቷ ውስጥም ቢሆን ጠዋት ጠዋት የምትቆይለት ሰው አልነበረም።

ቱቦው ግን ቀልድ አልነበረም። ከከተማዋ ጫፍ የአትክልተኞች ማኅበር አለ። ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት ዛፍ ተክሎ ይጠብቃል፤ ከምንጩ በታች ቲማቲምና ጎመን አልምቶ ይሸጣል። ዛፉን ስለሚጠብቅ አረንጓዴ ፈንድ የሚባል ድርጅት የዝናብ ኢንሹራንሱን ግማሽ ይከፍልለታል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ለየት ያለ ነው፤ ማሳ ሊያይ የሚመጣ ሰው የለም። የሚታየው ሚሊ ለመምህሩ የምትልከው፣ እሱም ለኢንሹራንሱ የሚያስተላልፈው የቱቦው ቁጥር ነው። የወቅቱ ዝናብ ተደምሮ ውሉ ካስቀመጠው መስመር በታች ከሆነ ማኅበርተኛው ሁሉ ካሳ ያገኛል፤ በላይ ከሆነ ባዶ እጁን ይቀራል። አባቷ ይህን የሰማ ዕለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ስቆ ነበር። እናቷ ግን አመነች። የማኅበሩ አባል እሷ ነበረች።

ዘንድሮ ችግኙ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ዝናቡ ሲፈለግ ቀረ፤ ሁሉም ከከሰለ በኋላ በየሌሊቱ እየመጣ ያንኳኳ ጀመር። እናቷ ለሦስተኛ ጊዜ የምትተክለው ስታጣ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆነች። «ካሳው በወጣ ማግስት እመጣለሁ» ብላ ነው የሄደችው። ሚሊ ቱቦውን ለሳይንስ ብላ ማየቷ ያን ቀን አበቃ። እያንዳንዱ ዜሮ እናቷን አንድ እርምጃ የሚያቀርብላት ይመስላታል። ደመና ባየች ቁጥር እንዲያልፍ የምትለምን ልጅ ሆነች።

በዕረፍት ሰዓት የሊቀመንበሯ ልጅ ከሩቅ እጇን አውለበለበችላት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ልጅ ከክፍላቸው ልጆች ሁሉ የምትወደደዋ ናት፤ አግዳሚው ላይ አጠገቧ መቀመጥ ራሱ እንደ ሹመት ነው። ሚሊ እጁ የተውለበለበው ከኋላዋ ላለ ሰው መስሏት ዞር ብላ አየች።

«አንቺን እኮ ነው፣ ፋራ! ዜሮ ነው አሉ!»

«ማን አለ?»

«እናቴ ናታ! ከመምህሩ ጋር ተደዋውለው። ሰኞ ወቅቱ ይዘጋል፤ ከመስመሩ በታች ነን። ነይ ቁጭ በይ። አንቺ፣ ጠጋ በይላት።»

ልጆቹ ተጠጋጉላት። አንዷ ብስኩት ሰጠቻት። ሚሊ ብስኩቱን ሳትገምጥ «ግን ትናንት ዘንቧል እኮ» አለች።

«እና? ቱቦሽ ዜሮ ካለ ዜሮ ነው። ዝናቡን የምትቆጣጠሪው አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ሚሊም ሳቀች። ከሰው ጋር ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ስለዚህ ያለችውን አልደገመችውም።

በማግስቱ፣ አርብ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አላሰኛትም። አባቷ ማሳው ከከዳቸው ወዲህ ዳቦ ቤት የሌሊት ሠራተኛ ሆኗል፤ ቀን ይተኛል፣ እሷ ስትተኛ ይወጣል። አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ የሚገናኙት ግን በር ላይ ነው። ቤት ብትገባ ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ መራመድ፣ የማሰሮውን ክዳን እንኳ እንዳይንኳኳ በጨርቅ ይዛ መክፈት አለባት። ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ጀመረች። ግቢው ጭር አለ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ወፍራም ወፍራም ጠብታ አቧራውን ይመታው ጀመር።

የዘበኛው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ዘበኛው ትልቅ ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ራሳቸው ላይ ደፍተው እየሮጡ ወጡ። ሚሊ ከዝናቡ ተጠልለው ወደ ግቢው በር የሚሄዱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ቱቦው ጋ ቆሙ፤ ሳፋውን ከራሳቸው አንሥተው ቱቦው ላይ ከደኑት። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩን በመዳፋቸው ደህና አድርገው ጫን ጫን አሉት፤ ራሳቸው ግን እስከ ውስጥ ልብሳቸው ራሱ።

«አባባ!»

«ውይ! አስደነገጥሽኝ እኮ። ገና አልሄድሽም?»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እሸፍነዋለሁ እንጂ! ዝናብ መጣ አይደል?»

«ሁልጊዜ ይሸፍኑታል?»

«ታዲያስ!» አሉ ዘበኛው፤ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «መምህሩ ሲሄድ ለብቻዬ ጠርቶ ‹አባባ፣ አደራ፤ ውድ ዕቃ ነው፣ እንዳይበላሽ› ብሎኛል። በስተርጅና አደራ በላ ልሁን? ሌሊትም ቢሆን ጣሪያው ኮሽ ሲል ዘልዬ ነው የምነሣው። ጎሕ ሲቀድ፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አነሣለትና እወለውለዋለሁ። እንቅልፍ የጣለኝ ዕለት ካልሆነ በቀር ረጥቦ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«አባባ… ይሄ እኮ የዝናብ መለኪያ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ስሙን ነግሮኛል።»

«ታዲያ በምን የሚለካ መሰለዎት?»

ዘበኛው ዝናቡ በፊታቸው እየወረደ ጥቂት አሰቡ። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ልጄ። የዘንድሮ ዕቃ አይደል? ስልኩ ያለ ገመድ ያወራ የለም እንዴ? ሰማዩን አይቶ የሚያውቅ ነው የመሰለኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሚሊ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ወደ ዝናቡ ገብታ ድንጋዩን ገፍታ ሳፋውን አነሣችው። «ይዩት» አለች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ውኃው በሰፊው አፍ እየገባ ከሥር ካለው ቀጭን ቱቦ ግርጌ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር ይወጣ ጀመር። ዘበኛው በመጀመሪያ እንደ ልጅ ሳቁ። «አሃ! ለካ ጠጥቶ ነው የሚናገረው!» ከዚያ ሳቃቸው ተቋረጠ። ሳፋውን አዩት፤ ቱቦውን አዩት።

«ያ ሁሉ ሌሊት» አሉ ቀስ ብለው።

ሚሊ ወቅቱን ሙሉ እዚህች ቦታ ቆማ የእሳቸውን ሻይ ጠጥታለች፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። መምህሩም አልነገራቸውም። ሁሉም አደራ ብሏቸው ሄዷል። አደራውን እንዲህ ጠበቅ አድርገው ይይዙታል ብሎ ያሰበ ማንም የለም።

«ለማን ልትነግሪ ነው?» አሉ ዘበኛው። ድምፃቸው ተለወጠባት። «ርዕሰ መምህሯ እንደሆነች ሰበብ ነው የምትፈልገው። ጎበዝ ዘበኛ ልቅጠር ማለት ከጀመረች ቆይታለች።»

«አላውቅም፣ አባባ።»

እውነቷን ነበር። የዘንድሮው ዝናብ ከመስመሩ በላይ ይሁን በታች ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምናልባት አሁንም በታች ነው፤ ምናልባት አይደለም። ያ ነው ክፋቱ። ቁርጥ ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ከሥራ ሲገባ ጠበቀችው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። እጁ ላይ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ፣ የኔ እናት።»

ቃላት መረጠች። «አንድ ነገር ተሳስቶ… ግን ስህተቱ ለእኛ የሚጠቅመን ቢሆን፣ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን…» መልስ ሲዘገይባት ቀና ብላ አየችው። አንድ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ልትቀሰቅሰው ትከሻው ላይ እጇን ካደረገች በኋላ አሳዘናት። ጫማውን ከእጁ አስለቅቃ፣ ሌላውንም ፈትታለት ብርድ ልብስ አለበሰችው። ዳቦውን ብቻዋን በላችው። በጣም ጥሩ ዳቦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ ሄደች። ሊቀመንበሯ ከላስቲኩ ጥላ ሥር አፈር በላስቲክ ከረጢት እየሞላች ትደረድራለች፤ ገና ካሳው ሳይመጣ ለሚቀጥለው ተከላ መዘጋጀቷ ነው። ሚሊን ስታይ ፊቷ በራ።

«መጣች የኛ ጀግና! ነይ እስቲ ሳሚኝ። እናትሽ ደወለችልሽ?»

«ነገ ነው የምትደውለው። እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

ነገረቻት። ሳፋውን፣ ድንጋዩን፣ በየሌሊቱ የጣለውን ዝናብ። ዘበኛውን መጥቀስ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ሳይጠቀሱ የሚነገር ነገር አልነበረም። ሊቀመንበሯ አፈር የያዘውን ከረጢት ሳታስቀምጥ አዳመጠቻት።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ተከተይኝ» አለችና ከጥላው አወጣቻት። ከምንጩ በታች፣ ከመደቦቹ አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ድጋፍ እንጨት ላይ የታሰሩ የቲማቲም አገዳዎች ደርቀው ቆመዋል፤ ነፋሱ ሲነካቸው ይንኮሻኮሻሉ። «ይሄ የማን መደብ ነው?»

«የእናቴ።»

«አልተቃጠለም?»

«ተቃጥሏል።»

«በውሸት ነው የተቃጠለው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እኛ የተጎዳን ሰዎች ነን እንጂ ሌቦች አይደለንም። ቱቦው ተከደነ አልተከደነ፣ ዝናቡ ለችግኛችን አልደረሰለትም። ልኬቱ ላይ ጥርጣሬ አለ ከተባለ ደግሞ ዘንድሮ አይከፈልም፤ ውሉ እንዲያ ነው የሚለው። ይህን ታውቂያለሽ?»

ሚሊ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ታውቃለች። ሊቀመንበሯ ያለችውም ውሸት የለበትም፤ ያንን ነው መቋቋም ያቃታት። «ግን እትዬ፣ መምህሩ መስመሩ የሚሰመረው በየዓመቱ ከምንልከው ቁጥር ነው ብሎናል። ዘንድሮን ከእውነቱ የባሰ ደረቅ አድርገን ከጻፍን መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። የባሰ ድርቅ የመጣ ዓመት ‹ይሄማ ለእናንተ የተለመደ ነው› ይሉናል። ያኔ…»

«የሚመጣውን ዓመት፣ የሚመጣው ዓመት ያስብበት!» አለች ሊቀመንበሯ ቆጣ ብላ። ወዲያው ግን የሚሊን ፊት አይታ ለሰለሰች። አፈር የነካው እጇን ወደ ትከሻዋ ዘርግታ ልብሷን እንዳያቆሽሽባት መለሰችው። «ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ተናገሪም፣ አትናገሪም አልልሽም። እኔ ግን ዛሬ ከአንቺ ምንም አልሰማሁም።»

ይህን ብላ ወደ ከረጢቶቿ ተመለሰች። ሚሊ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ትእዛዝም ቢሆን ይሻላት ነበር። «እንዲህ አድርጊ» ብትባል ወይ ታደርጋለች፣ ወይ እምቢ ትላለች። አሁን ግን ትልቅ ሰው አይቶ፣ ክብደቱን መዝኖ፣ መልሶ ያሸከማትን ነገር ይዛ ብቻዋን በተዳፋቱ ወረደች።

እሑድ እናቷ ደወለች። ከበስተጀርባዋ ሰዎች ይሳሳቃሉ፤ የሠራተኞቹ ማደሪያ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋበትም።

«ሰማሁ!» አለች እናቷ፤ ድምጿ የሌላ ወጣት ሴት ድምፅ ይመስላል። «ሊቀመንበሯ ባለፈው ሐሙስ ነው የነገረችኝ። ስልኩን ይዤ ስዘል ልብስ ተኳሾቹ አበደች አሉ። ነገ ጠዋት ለኃላፊዋ ሥራ መልቀቄን እነግራታለሁ፤ ምትክ እስክታገኝ ከቆየሁ በቂ ነው። ከመጣሁ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«ፀጉርሽን እሠራልሻለሁ። ራስሽ እየሠራሽው ምን እንደሚመስል አስበዋለሁ። የወፍ ጎጆ!»

«አይደለም» አለች ሚሊ። እጇ ግን ወደ ፀጉሯ ሄደ። ከኋላ በኩል የማይደረስበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ይቋጠርባታል። አሁን ልንገራት አለች በልቧ። አሁን። እናቷ ግን ስለ አውቶቡሱ፣ ስለምትገዛላት ሹራብ፣ ስለ መጋረጃው ሳይቀር ታወራለች። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ተደስታ ስታወራ ሰምታት አታውቅም። የሌላ ሰው ደስታ በእጅ ላይ ሲሆን እንዴት ተደርጎ ይጣላል? «እሺ እማ» አለች። «እሺ። ደህና ሁኚ።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከመጋረጃው ወዲያ የአባቷ ማንኮራፋት ብቻ ይሰማል።

ቅዳሜና እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱቦውን ሳታይ አልፋ፣ ሰኞ ማልዳ ትምህርት ቤት ደረሰች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሳፋው የለም። ቱቦው ውስጥ ውኃ አለ፤ ወቅቱን ሙሉ አይታው የማታውቀውን ያህል ብዙ ውኃ። ዘበኛው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። «እንደምን አደሩ?» ስትላቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ዛሬስ ምን አለሽ አላሉም። ሻይም አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ሚሊ ትኩር ብላ በሩን አየችው። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ፈርተዋታል።

ቁጥሩን ጻፈች። ከሥሩ መጻፏን ቀጠለች፦ «መምህር፣ ዘንድሮ የላክሁት ቁጥር ልክ አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይከደን ነበር። ዘበኛው ያደረጉት አደራ ስለተባሉ ነው። ለምን እንደሚያገለግል እኔም፣ እርስዎም አልነገርናቸውም። ጥፋተኛ ካስፈለገ ከእኔ ይጀምሩ።» ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሳትልከው ትታ የእናቷን ቁጥር ፈለገች። በሥራ ሰዓት ደውላላት አታውቅም።

«ሄሎ! ምን ሆናችሁ? አባትሽ ደህና ነው?» የማጠቢያ ማሽኖቹ ከበስተጀርባ ያጓራሉ።

«ደህና ነው፤ ገና ከሥራ አልገባም። እማ፣ ለኃላፊዋ ነገርሻት?»

«አሁን ልነግራት ነው፤ ቢሮዋ በር ላይ ነኝ። ምነው?»

«እንዳትነግሪያት። ሥራሽን እንዳትለቂ።»

«ማነው እንዲህ በያት ያለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። በፍጥነት ነው የነገረቻት፣ ካቆመች መቀጠል እንደማትችል ስላወቀች። ባዶውን ቱቦ፣ ሳፋውን፣ የሊቀመንበሯን ቃል። አሁን ለመምህሩ እንደምትልክ፣ ካሳው ዘንድሮ እንደማይመጣ። ይቅርታ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ ግን ሐሳቧን እንደምትለውጥ ተሰማት፤ ስለዚህ አላለችውም።

እናቷ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። ሚሊ ስትጨርስ ከሩቅ የአንዲት ሴት ድምፅ «ትፈልጊኝ ነበር እንዴ? ግቢ እንጂ!» ሲል ተሰማ።

«ይቅር» አለች እናቷ ለሴትዮዋ። «ምንም አይደለም፤ ይቅር።»

ሚሊ ያቺን «ይቅር» ሰማች። ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደገፈች። የሚመጣውን ጠበቀች፤ ለቁጣውም፣ ለልቅሶውም ሌሊቱን ሙሉ ስትዘጋጅ አድራለች።

«ይህን ሁሉ ቀን» አለች እናቷ፤ ድምጿ ቀጠነ፣ «ብቻሽን ይዘሽው ነበር?»

ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

«አዎ» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። እናቷም ኃላፊዋ ድጋሚ እስክትጠራት ድረስ ስልኩን አልዘጋችውም።

ስልኩ ሲዘጋ መልእክቱ እንደተጻፈ ይጠብቃታል። ላከችው።

የሰልፍ ደወል ተደወለ። የሊቀመንበሯ ልጅ ከሜዳው ማዶ «ሚሊ! ቦታ ይዤልሻለሁ!» ብላ ተጣራች። ሚሊ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ ሰልፉ አልሄደችም። ወደ ዘበኛው ቤት ሄዳ የተገረበበውን በር አንኳኳች፤ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለገችም።